ስለ መኪና ኃይልና ስለ ሠራተኛ እጅ

ብረት የሚቀጠቅጥና ቆርቆሮ የሚቈርጥ መኪና ኃይሉ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በፊቱ የቀረበለት የብረት ሰሌዳ ይሁን ወይም የሰው ጣት ለይቶ አያውቅም። ሠራተኛው እጁን ባጣ ጊዜም የሥራው አለቃ «ባለመጠንቀቁ ነው» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ይህ ፍርድ የቀና አይደለም። ከጧት እስከ ማታ አንዱን ሥራ ሲደጋግም የሚውል ሰው ሐሳቡ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቢባዝን በደል ሊባል አይገባም፤ በደሉ ያን የዓይን ጥቅሻ አስቀድሞ አስቦ መከላከያ ያላቆመው የባለ መኪናው ነው።

ብርሃን በብረት ላይ ሲያርፍ የኤሌክትሪክን ኃይል እንደሚያነሣሣ ሄንሪክ ኸርዝ የተባለው የጀርመን ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1887 ዓመት አስተዋለ፤ አልበርት አይንስታይንም በ1905 ምክንያቱን ገለጠ። ከዚህ ዓይነት ዕውቀት የተገኘ አንድ ጠባቂ ዛሬ በብዙ ፋብሪካዎች ቆሟል፤ የብርሃን መጋረጃ ሊባል ይችላል። በመኪናው አፍ ግራና ቀኝ ሁለት ምሰሶዎች ይቆማሉ፤ አንደኛው ኢንፍራሬድ የሚባለውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን በብዙ ጨረር ይልካል፥ ሁለተኛው ይቀበላል። እጅ ገብቶ አንዱን ጨረር ቢያቋርጥ ተቀባዩ ወዲያው ትእዛዝ ሰጥቶ መኪናውን ያስቆማል። በሚገባ የተሠራው ደግሞ የራሱ ዕቃ ቢበላሽ እንኳ ዝም አይልም፤ መኪናውን ያቆማል እንጂ።

ነገር ግን መጋረጃውን ገዝቶ መትከል ብቻ አይበቃም፤ ዋናው ነገር ርቀቱ ነው። የዓለም አቀፉ ደንብ የሰው እጅ በአንድ ሴኮንድ 2 ሜትር ይሄዳል ብሎ ያስባል። እንግዲህ ጨረሩ ከተቋረጠ በኋላ መኪናው እስኪቆም ከሴኮንድ አምስተኛው እጅ ቢፈጅ፥ እጁ በዚያ ጊዜ 40 ሳንቲሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ ጨረሮቹ ጣትን እንዲለዩ ተቀራርበው ቢሠሩም መጋረጃው ከስለቱ ከዚህ ባነሰ ርቀት ሊቆም አይገባም፤ ጨረሮቹ የተራራቁ እንደ ሆነ ርቀቱ ይጨመራል። የመኪናው ፍሬን በሥራ ብዛት እየላላ ስለሚሄድ ዐምና የበቃው ርቀት ዘንድሮ ላይበቃ ይችላል። ይህን በየጊዜው የሚለካ ሰው ከሌለ መጋረጃው ሠራተኛውን የሚያዘናጋ ጌጥ ነው።

ለሁሉ መኪናም አይስማማም። የእህል ወፍጮ ወይም መውቂያ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ መዘውሩና ቀበቶው በራሱ ጉልበት ይዞራል፤ በዚያ ላይ ብርሃን ምንም አይረዳም፥ የሚረዳው የብረት ሽፋን ነው። በየገጠሩ ቀበቶው ተራቁቶ ነጠላ ለለበሰ ሰው ሁሉ ወጥመድ ሆኖ የሚታየው ወፍጮ የሚያሻው ይህ ርካሽ ሽፋን ነው እንጂ የረቀቀ መሣሪያ አይደለም። ተፈናጥሮ የሚመጣውንም ስባሪ ብርሃን አይመልስም። ሰው ሲቀርብ በር የሚከፍተውን ተራ መሣሪያ እንደ መኪና ጠባቂ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢመጣም አይታመን።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ አኑሯል፤ ሠራተኛውም የመከላከያ መሣሪያ እንዳያነሣ ይከለክላል። ሆኖም ምርት እንዲበዛ ብሎ ጠባቂውን እንዲዘጉት የሚያዝ አለቃ ቢኖር ቅጣቱን በታዘዘው ላይ መጣል አይገባም። ስለዚህ የመዝጊያው ቍልፍ በማን እጅ እንደሚኖር በጽሑፍ ይወሰን። ፋብሪካ ለመጐብኘት የሚሄድ ሹምም ወረቀት አይቶ ብቻ አይመለስ፤ መኪናው ሲሠራ ቀጭን በትር ወደ ጨረሩ እንዲያስገቡ ይዘዝ። በትሩ ገብቶ መኪናው ካልቆመ፥ እስኪታደስ ድረስ በዚያ መኪና ማንም እንዳይሠራ ይደረግ።