ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ሕግ

ስለ ዲጂታል ገበያ ቁጥጥር በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ ይሰማል፦ ገበያው ገና ለጋ ነው፣ መጀመሪያ ይደግ፣ ቁጥጥሩ ኋላ ይደርሳል። ብልህነት ይመስላል። እኔ ግን ስንፍና እለዋለሁ።

አውሮፓ ሞክራ አይታዋለች። ባልና ሚስት በእንግሊዝ የመሠረቱት ፋውንደም የተባለ የዋጋ ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ በጀመረ ማግስት ከጉግል የፍለጋ ውጤት ውስጥ ወደ ታች ተገፋ። ባለቤቶቹ በ2009 ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አሉ። ኮሚሽኑ መርምሮ፣ አመላልሶ፣ በ2017 ጉግል የራሱን የግብይት አገልግሎት ከላይ እያስቀመጠ ተወዳዳሪዎቹን ቀብሯል በማለት 2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣው። ቅጣቱ በይግባኝ ሲንከባለል ቆይቶ የጸናው በ2024 ነው። ፋውንደም ግን ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት፣ በ2016 ተዘግቷል። ገንዘቡም ቢሆን የሚገባው ለአውሮፓ ኅብረት በጀት ነው፤ ተጎጂው ካሳ ካማረው ሌላ ክስ ይጀምር!

ብራስልስ በ2022 የዲጂታል ገበያዎች ሕግን ያጸደቀችው በዚህ ዓይነቱ መዘግየት ተማርራ ነው። ሕጉ ጉዳት እስኪረጋገጥ አይጠብቅም። በኅብረቱ ውስጥ በወር 45 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ተጠቃሚ ያላቸውን፣ በገቢም የገዘፉ ኩባንያዎችን አስቀድሞ ይለይና የራሳችሁን ምርት አታስቀድሙ፣ የተወዳዳሪን መንገድ አትዝጉ ይላቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው። ሁሉም ከገባ በኋላ የሚመጣ ቅጣት ማንንም አያስወጣም።

ወደ እኛ እንመለስ። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ክፍያ አገልግሎት ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ የተፎካካሪው የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015። በዚህ መካከል፣ በሐምሌ 2014 የታለመው የነዳጅ ድጎማ በቴሌብር በኩል እንዲሄድ ተደረገ፤ በሚያዝያ 2015 ደግሞ በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ታዘዘ። ታክሲ ነጂው አማርጦ አልገባም፤ ወረፋው አስገባው። ቴሌብር መጥፎ አገልግሎት ነው አልልም፣ እኔም እከፍልበታለሁ። ያለ መንግሥት ግፊት ዲጂታል ክፍያ በዚህ ፍጥነት አይስፋፋም ነበር ለሚሉትም እሺ። ግን የገፋው መንግሥት ከሆነ፣ ገበያው በራሱ እያደገ ነው፣ አትንኩት የሚለው ክርክር ከየት መጣ? መንግሥት ከመጀመሪያው ነክቶታል እኮ። የቀረው ለማን ጥቅም እንደሚነካው መጠየቅ ነው።

የሚጠይቀው አካል ደግሞ የለም። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሥር ይሠራ የነበረው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በ2014ቱ የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ። የኢትዮ ቴሌኮም ዋነኛ ባለቤት መንግሥት ነው፤ ስለ ውድድር የሚዳኘውም የዚያው ካቢኔ አባል ነው። ሚኒስትሩ ቅን ሰው ቢሆን እንኳ ከባልደረቦቹ ጋር ተሟግቶ ይፈርዳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የውድድር ሕጉ ይሻሻል ከተባለ፣ የቅጣቱን መቶኛ ከፍ ማድረግ አያጓጓኝም። መንግሥት ክፍያ በዲጂታል ብቻ ይሁን ብሎ ሲያዝ፣ ፈቃድ ያላቸው የክፍያ አገልግሎቶች በሙሉ እኩል እስኪገቡ ትእዛዙ እንዳይጸና የሚያደርግ አንድ አንቀጽ ይግባበት። ያንን የሚያስፈጽመው ባለሥልጣን ተመልሶ ይቋቋም፤ ተጠሪነቱም ለተወካዮች ምክር ቤት ይሁን።