«ነፃ ነህ» ብሎ መቅጣት

«በሕግ አምላክ!» ሲባል እንኳን ሰው የሚወርድ ውኃም ይቆማል ይሉ ነበር አባቶቻችን። የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ግን ጁሪ «ቁም» ሲለው ለብዙ ዓመታት አልቆመም።

የዚያ አገር ሕገ መንግሥት ሲነበብ ደስ ይላል። በ5ኛውና በ6ኛው ማሻሻያ መሠረት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ማንም ነፃነቱን አያጣም፤ ተከሳሽ በጁሪ የመዳኘት መብት አለው፤ ጥፋቱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ካልተረጋገጠ ነፃ ይወጣል። ይህን የማይወድ የሕግ ተማሪ የለም፤ እኛም ወደነዋል።

እስቲ አሁን ወደ ቅጣቱ ገጽ እንገልብጥ። ፖሊስ ዋትስ በተባለ ሰው ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ኮኬይን፣ መኝታ ቤት ደግሞ ጥይት የጎረሱ ሁለት መሣሪያዎች አገኘ። ጁሪው በኮኬይኑ ጥፋተኛ አለው፤ መሣሪያ ለወንጀሉ ተጠቅሟል ከሚለው ክስ ግን ነፃ አወጣው። ዳኛውሳ? «ማስረጃው ወደ ጥፋተኝነት ያዘነብላል» ብሎ በዚያው መሣሪያ ሰበብ የቅጣቱን ስሌት ሁለት ነጥብ ከፍ አደረገው! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1997 «ሕገ መንግሥቱ አይከለክልም» አለ።

የሚሟገቱላቸው አሉ። «ነፃ መባል ጥርጣሬ መኖሩን እንጂ ንጽሕናን አያስረዳም፤ ቅጣቱም ሕጉ ካስቀመጠው ጣሪያ አላለፈም» ይሉናል። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ጁሪው ምን ሊሠራ ተሰበሰበ? ከጣሪያው በታች በአምስት ዓመትና በአሥራ አምስት ዓመት መካከል ያለው የሰው ዕድሜ አይደለም እንዴ? ዐቃቤ ሕጉስ ምን ቸገረው! አሥር ክስ ይደረድራል፤ በዘጠኙ ተረትቶ በአንዱ ቢያሸንፍ፣ በተረታባቸው ዘጠኝ ቅጣት እንዲከብድ ይጠይቃል። ተከሳሹ ግን አሥሩንም ካላሸነፈ አልዳነም። ይሄ ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

እርግጥ መሻሻል አለ፤ አለመናገር ግፍ ይሆናል። በ2005 የቅጣት መመሪያው አስገዳጅነቱ ቀርቶ አማካሪ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራሉ የቅጣት ኮሚሽን፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ነፃ የተባሉበት ድርጊት በመመሪያው ስሌት እንዳይገባ አድርጓል። ደግ ሥራ ነው። ሆኖም ኮሚሽን የጻፈውን ኮሚሽን ሊሰርዘው ይችላል። የ1997ቱ ውሳኔ አልተሻረም፤ ዳኛውም ከስሌቱ ውጭ ያንኑ ድርጊት እንዳያይ ጨርሶ አልተከለከለም። የጓሮው በር ጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

ወገኖቻችን ሆይ፣ የባሕር ማዶ ነገር ነው ብለን አንለፈው። ነገ ከመካከላችን ከሳሽም ዳኛም የሚሆን አለ። ክስ ላይ ነቅቶ ቅጣት ላይ የሚያንቀላፋ ሕገ መንግሥት ግማሽ ሕገ መንግሥት ነው። «ነፃ ነህ» የተባለ ሰው፣ ነፃ በተባለበት ነገር አንዲት ቀን እንኳ መታሰር የለበትም።