የእሑድ ጥዋት በጅቡቲ

በጅቡቲ ከተማ ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር የሚኖር፥ አማርኛ የሚማር አንድ የውጭ አገር ባለሥልጣን ወዳጅ አለን። ባለፈው እሑድ ከርሱ ጋር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን ነበርና ያየነውን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

በጅቡቲ እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. የ1992 ሕገ መንግሥት የአምልኮን ነፃነት ያውቃል። የካቶሊኮች ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1964 ተሠርቷል። የኛም ሰዎች የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት ጀምሮ ወደዚች ወደብ ሲመላለሱ ኖረዋል። ነገር ግን በዚህ አገር የሳምንቱ ዕረፍት ዐርብ ስለ ሆነ እሑድ የሥራ ቀን ነው።

ገና ሳይነጋ ተነሥተን ሄድን፤ መንገዱን የመራችን በወዳጃችን ቤት ምግብ የሚያበስሉ ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ ነበሩ። ወዳጃችን ጫማውን እንደ ተጫማ ሊገባ ሲል፥ ወይዘሮዋ በቀስታ ጠጋ ብለው፥ «ጌታዬ፥ ጫማዎን ያውልቁ። ወንዶች በሰሜን፥ ሴቶች በደቡብ በኩል ነው የሚቆሙት» አሉት።

እርሱም አፍሮ፥ «ይቅርታ፥ እንግዳ ነኝ» ቢላቸው፥ «እንግዳማ እኔም ነኝ፤ እዚህ ያልሆነ ማን አለ?» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ስፍራቸው ሄዱ።

ቅዳሴው በግዕዝ ስለ ሆነ ወዳጃችን ብዙውን አልተረዳም፤ ሕዝቡ ሲነሣ ተነሣ፥ ሲሰግድ ሰገደ። የሌላ ቤተ ክርስቲያን አማኝ በመሆኑ ወደ ቁርባን አልቀረበም። ስብከቱ በአማርኛ ሲጀመር ግን ጆሮውን አቀና፤ ቃሉ ያመለጠውንም በኋላ ወይዘሮዋን ይጠይቅ ጀመር።

ከዚያም፥ «ሁልጊዜ እዚህ ይመጣሉ?» አላቸው። «ከፋሲካ ወዲህ ዛሬ ገና መምጣቴ ነው፤ እሑድ ጥዋት ቁርስ አለብኝ» አሉት። ቁርሱ የርሱ ቁርስ ነበር! ወዳጃችን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «ከእንግዲህ እሑድ ጥዋት የርስዎ ነው፤ ቁርሴን ራሴ አሰናዳለሁ» አላቸው።

እኛም አንድ ነገር አስተዋልን። ሁለት ዓመት ሙሉ በቤቱ «አንቺ» ሲላቸው የኖረው ሰው፥ ያን ቀን ማንም ሳያርመው «እርስዎ» አለ። ይህ ትምህርት ከመጽሐፍ ሊገኝ ይችል ነበር፤ ነገር ግን አልተገኘም።

አማርኛ የምትማሩ አንባብያን ሆይ! በቤታችሁ የሚያገለግሉ ሰዎች የሚያመልኩበት ቀን መቼ እንደ ሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? በሚቀጥለው ሳምንት የምታጠኑት የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይህ ጥያቄ ይሁን፤ መልሱንም ሰምታችሁ ፈቃዱን ስጡ።