ሠላሳ አንድ ሞርሳና አንድ ጋራዥ

በዚህ ሳምንት ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ከቤታችን ምድር ቤት የተሰማው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ ስላልወጣ እሱን ላውጋችሁ። ድምፁ የብረት ነው። አንድ ጊዜ ጓ! ካለ በኋላ ተከታትሎ ወረደ። ባለቤቴ "ሌባ ገባ!" ብላ ስልክ አነሣች። እኔ ግን ደረጃውን ሳልጨርስ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። በእጄ የሰቀልኩት የሞርሳ መደርደሪያ ከነግድግዳው ቁራጭ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ከሥሩ የዘጠኝ ዓመት ልጄ የቤት ሥራዋን የምትሠራበት ጠረጴዛ ነበረ። ጠረጴዛው መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። ያን ዕለት ማታ እራት እስኪቀርብ ድረስ እዚያው ተቀምጣ ስታነብ ነበር።

ሞርሳ የምለው እንጨትና እንጨት በኮላ ተጣብቆ እስኪደርቅ ድረስ ነክሶ የሚይዘውን መሣሪያ ነው፤ የዚህ አገር ሰው ክላምፕ ይለዋል። ሞርሳ ማለት ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው ትልቁ ብቻ ነው የሚሉኝ አናጢዎች ሊኖሩ ይችላሉ። እኔ ግን ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ስም መጥራት የተማርኩት ከአስተማሪዬ ስለሆነ በዚያው እቀጥላለሁ። ሞርሳ፣ ኮላ፣ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ! ጣሊያን ራሱ ተባርሮ ሲሄድ ቃላቱን አናጢዎቻችን ዘንድ ረስቶ ሄደ።

አስተማሪዬ ያልኳቸው ሰው ባለፈው ዓመት በበልጉ መጨረሻ አረፉ። እዚሁ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ከሴንትራል አቬኑ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነበር ቤታቸው። ኮልፌ ተወልደው ከአባታቸው አናጢነት ተምረው፣ እዚህም ከመጡ በኋላ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን በሚሠራበት ቦታ ተቀጥረው የኖሩ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋራዣቸው የሁላችን ነበር። እግሩ የወለቀ ወንበር ያለው፣ ለሕፃን አልጋ የቸገረው፣ ወይም ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ የበዛበት ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። እኔ ድሮ ጋዜጠኛ፣ ህንድ አገር ሄጄ ዲግሪ የጫንኩ፣ ምስማር ግን ሳላጎብጥ መትቼ የማላውቅ ሰው፣ መጋዝ እንዴት እንደሚያዝ ያየሁት በአርባ ዓመቴ በዚያ ጋራዥ ነው።

እሳቸው በልጅነታቸው በአባታቸው ሱቅ ውስጥ የነበረው ሞርሳ አንድ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ገመድና ዱላ ነው። ገመዱን በእንጨቱ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ፣ በመሐሉ ዱላ ሰክቶ ማዞር፤ በተጠማዘዘ ቁጥር ይጠብቃል። ለወንበር እግር ደግሞ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ በቀጭኑ ቀድዶ መጠምጠም። "ያኔ ማስቀመጫ ብሎ ጣጣ የለም፤ ገመዱን ምስማር ላይ ትሰቅላለህ፣ በቃ" ይሉኝ ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን የዚያን ዘመን ረሃብ የሚወጡ ይመስል ሞርሳ ባዩበት ቦታ ሁሉ ይገዙ ነበር። ደግሞም ለሥራው ያስፈልጋል። አንድ የጠረጴዛ ፊት ለማጣበቅ ብቻ አምስት ስድስት ረጃጅም ሞርሳ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያፈራረቁ ማሰር ግድ ነው። ሁሉንም በአንድ ወገን ካሰሩት ጣውላው እንደ ጣባ ይጎብጣል።

ከተዝካራቸው በኋላ ባለቤታቸው ቤቱን ሸጠው ልጃቸው ወደምትኖርበት ከተማ ሊሄዱ ሆነ። አንድ ነጋዴ መጥቶ ሞርሳውን በሙሉ በ60 ዶላር ልውሰድ አለ። እትዬ ዝም ብለው ቆዩና ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተ ውሰዳቸው፤ እሱ ይህን ሲሰማ ይቀየመኛል" አሉ። ቆጠርናቸው። ጥቁር የውኃ ቧንቧ ላይ የሚገጠሙ ባለአራት ጫማ 8፤ የእንግሊዝኛውን ኤፍ ፊደል የሚመስሉ 10፤ ሲ ፊደል የሚመስሉ 7፤ ሁለት የእንጨት መንጋጋና ሁለት ጠመዝማዛ ያላቸው 6። በጠቅላላው 31። የእንጨቶቹ ቺካጎ ይሠሩ የነበሩት ጆርገንሰኖች ናቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1903 ተቋቁሞ በ2016 ተዘጋ፤ ስሙን ሌሎች ገዝተው ይሠሩበታል። አሮጌውን ያገኘ ሰው ግን አይለቀውም።

ከኤፍዎቹ መካከል አራቱ ግን ሥራ ላይ ነበሩ። አንድ ረከቦት ነክሰው ይዘዋል። ጋሼ ሐሙስ ማታ ኮላ ቀብተው አስረውት ነበር፤ አርብ ጠዋት ሆስፒታል ገቡ፤ አልተመለሱም። ኮላው በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ሞርሳዎቹ ግን ከሁለት ወር በላይ እንደነከሱት ቆይተዋል። ልፈታው እጄን ስዘረጋ እትዬ ከለከሉኝና ራሳቸው አንድ በአንድ ፈቷቸው። አራተኛው ጠንክሮ አስቸገራቸው። ብንፈልግ በመጋጠሚያው ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አጣን።

እንግዲህ ይህን አደራ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ቤታችን፣ ሰፈሩን የምታውቁ እንደምትገምቱት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሠሩት ትንንሽ ቤቶች አንዱ ነው። ምድር ቤቱ ግማሹ የልብስ ማጠቢያ፣ ግማሹ የልጆች ነው። ጋራዡ ከቤቱ ተለይቶ በጓሮው መንገድ በኩል የቆመ፣ ወርዱ 12፣ ርዝመቱ 20 ጫማ የሆነ የአንድ መኪና ማደሪያ ነው። መኪናው ደግሞ በክረምት ውጭ አያድርም፤ ለምን እንደሆነ በጥር ጠዋት ባትሪ የሞተበት ያውቃል።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኸውና። መደርደሪያውን ምድር ቤት፣ ሺትሮኩ ላይ፣ በፕላስቲክ መያዣ ብሎን ሰቀልኩት። ክብደቱን አላሰላሁም። የሦስት ሩብ ኢንች ጥቁር ቧንቧ በአንድ ጫማ ከ1 ፓውንድ ይበልጣል፤ አራት ጫማውና ከጫፍና ከጫፍ የሚገጠመው ብረት ሲደመር አንዱ ሞርሳ ወደ 8 ፓውንድ ይጠጋል። ስምንቱ ብቻ አንድ ከረጢት የኮንክሪት ድብልቅ ያህላሉ። ይህን ሁሉ ከጠመኔ በማይሻል ግድግዳ ላይ አንጠልጥዬ ልጄን ከሥሩ አስቀመጥኳት። ባለቤቴ በማግስቱ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ቁም ነገሩ ግን "ወይ በሥርዓት ስቀላቸው፣ ወይ ለሚሰቅል ሰው ስጣቸው" የሚል ነበር። አልፈረድኩባትም።

ፍሪድሊ ድረስ ሄጄ የተዘጋጀ መስቀያ አየሁ። ሮክለር የሚባለው የእንጨት ሥራ ዕቃ መደብርም እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ ሚኒያፖሊስ የተጀመረ የአገራችን ልጅ ነውና የእሱንም ተመለከትኩ። ጥሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ለእኔ አልሆነም። በተሽከርካሪ ጋሪ ላይ መደርደርም አለ። ሰፊ ቦታ ላለው ደስ ይላል፤ እኔ ዘንድ ግን ጋሪው የሚቆምበት ወለል ካለ እኔ ራሴ እቆምበት ነበር። ስለዚህ ጋራዡ ውስጥ ወንበር ይዤ ገባሁና ግድግዳውን ዝም ብዬ አየሁት።

ከዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። የእነዚህ አሮጌ ጋራዦች ግድግዳ ከውስጥ አልተሸፈነም፤ እንደ አገራችን ጭቃ ያልተመረገ ቤት ቋሚው ፊት ለፊት ይታያል። ከአንዱ ቋሚ መሐል እስከ ሌላው መሐል 16 ኢንች ነው፤ የእንጨቱ ውፍረት ሲቀነስ 14 ኢንች ተኩል ክፍተት ይቀራል፤ ጥልቀቱ 3 ኢንች ተኩል። ማንም የማይጠቀምበት ቦታ! የቧንቧዎቹን ሞርሳዎች እዚያ ውስጥ ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው። አራቱን በአንዱ ክፍተት፣ አራቱን በሚቀጥለው። እግራቸው የታችኛው አግዳሚ ላይ ያርፋል፤ ወደፊት እንዳይወድቁ በወገብ ከፍታ ላይ ማገር መታሁባቸው። ከእጀታቸው በቀር ከግድግዳው የሚወጣ ነገር የለም፤ የመኪናውም በር ሳይነካቸው ይከፈታል።

ለኤፍዎቹ ሌላ ባዶ ቦታ ተገኘ፤ ከመኪናው ሞተር ክዳን በላይ ያለው አየር። መኪና ከፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ በስተፊት ያለው ግድግዳ ከደረት በላይ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ሁለት ኮምፔንሳቶ አጣብቄ ወፍራም መደርደሪያ ሠራሁና ጫፉን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በመጋዝ ከፈትኩት። የጥርሱ ስፋት የሞርሳው ብረት ውፍረት ላይ አንድ ስምንተኛ ኢንች ተጨምሮበት ነው፤ ከዚያ ከጠበበ ይነክሳል፣ ከሰፋ ይወዛወዛል። ከጥርስ ጥርስ 2 ኢንች ይበቃል፤ እጀታዎቹን አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ ካደረጋችሁ አይጋጩም። አሥሩ በ20 ኢንች ውስጥ ገቡ። ፊቱን ትንሽ ቀና አድርጉት፤ የጋራዡ በር በተዘጋ ቁጥር ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ ለጥ ያለ ከሆነ ቀስ በቀስ ወደ ጫፉ ይጓዛሉ፤ ከሥር ደግሞ የመኪናው ክዳን አለ። ብሎኑ የ3 ኢንች ይሁን፤ በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ ሁለት ሁለት፤ በቋሚው እንጂ በሌላ በምንም ላይ አይሁን። እኔ ከሰቀልኩ በኋላ በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። ባለቤቴ በመስኮት እያየች ሳቀች።

ሲዎቹ ችግር የላቸውም። አሮጌ የልብስ መስቀያ ዘንግ በሁለት ቋሚ መካከል ገጥሜ፣ ሰባቱም እዚያ ላይ ነክሰው ተሰቅለዋል። የእንጨቶቹንም እንዲሁ አንድ የጣውላ ጠርዝ አስነከስኳቸው።

ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ስኩራራ ክረምቱ መጣ። የአናጢ ኮላ ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ አብዛኛው ከ50 ዲግሪ ፋረንሃይት በታች አትጠቀሙ ይላል። የእኔ ጋራዥ በጥር ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ የማጣበቁ ሥራ ወደ ምድር ቤት ይገባል፤ ያን ጊዜም በረዶ የሆነ ብረት አምጥቶ ትኩስ ኮላ ላይ ማሰር መጋጠሚያውን ያቀዘቅዘዋል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛው ብረት ሙቅ ቤት ሲገባ ያልበዋል፤ ላቡ ዝገት ነው፤ ዝገቱና እርጥብ ኮላው ኦክ እንጨት ላይ ሲገናኙ በብርጭቆ ወረቀት የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ይህን ያወቅኩት የልጄን አዲስ ጠረጴዛ ስሠራ ነው፤ ነጥቦቹ ሦስት ናቸው፤ መጽሐፍ ደርድራ ሸፍናቸዋለች። አሁን ረጃጅሞቹን ከአንድ ቀን በፊት አስገብቼ ላባቸውን እጠርጋለሁ፤ በብረቱና በእንጨቱም መካከል የሰም ወረቀት አደርጋለሁ። አራቱን ኤፍዎች ደግሞ ጨርሶ ከጋራዡ አውጥቼ በምድር ቤቱ ደረጃ ሥር፣ የደረጃውን ጎን አስነክሼ አስቀመጥኳቸው። ጋሼ ረከቦቱን ያሰሩባቸው እነዚያው ናቸው።

የአካባቢው አንባቢዎቼ፣ ሞርሳ የሚያስፈልገው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ክፍት ነው። እንደ ባለቤታቸው እሑድ ማድረግ አልቻልኩም፤ እሑድ ሥራ እገባለሁ። ስማችሁን ግድግዳው ላይ ባለው ካርቶን ጽፋችሁ ትወስዳላችሁ፤ ኮላው የጠፈጠፈበትን ጠርጋችሁ ትመልሳላችሁ። ሰኔ ላይ ሁለት ቧንቧ የወሰድከው ወንድሜ፣ ካርቶኑ ላይ ነህ።