ኮምፓሱን ማን ይፈትነው?

በመርከብ መኮንኖች ዘንድ ሥር የሰደደ አስተሳሰብ አለ፦ ጂፒኤስ እስካለ ድረስ የኮምፓስን ስህተት በፀሐይና በከዋክብት መለካት ለፈተና ማለፊያ ብቻ የሚጠና ነገር ነው። ይህ አስተሳሰብ መርከብም ሰውም ያጠፋል።

ጂፒኤስ መርከቧ የት እንዳለችና በየት በኩል እየተጓዘች እንደሆነ ይናገራል። ፊቷ ወዴት እንደዞረ ግን አያውቅም፤ የጎን ነፋስና የውኃ ፍሰት ሲኖር ሁለቱ ይለያያሉ። ባለሁለት አንቴናው የሳተላይት ኮምፓስ ይህን ቢያሳይም፣ የሳተላይቱ ሲግናል ሲታወክ አብሮ ይታወካል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ኤምኤስሲ አንቶኒያ የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ ጅዳ አቅራቢያ ተቀርቅራ ስትቀር በምክንያትነት የተጠረጠረው የጂፒኤስ መታወክ ነበር። ቀይ ባሕር ደግሞ የእኛም መርከቦች መመላለሻ ነው።

ኮምፓስ ራሱ እንዴት እንደሚሳሳት ለመረዳት ባሕር ድረስ መውረድ አያስፈልግም። በሱዳን፣ በወድ ኤል ሒለው የማሽላና የሰሊጥ ሜዳ ላይ የስልክ ኮምፓስ ከትራክተር አጠገብ ቢያስቀምጡት ብረቱ ያሳስተዋል። ፀሐይን ግን የሚያሳስታት ብረት የለም። እዚያ ሰኔ 14 ገደማ ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብላ ትወጣለች፤ መጋቢት 11 ገደማ ደግሞ ልክ በምሥራቅ። የመርከብ ስሌትም ይኸው ነው፤ የፀሐይ ዲክሊኔሽን (ከምድር ወገብ የራቀችበት ማዕዘን) ሳይን ለኬክሮሱ ኮሳይን ይካፈላል፣ ውጤቱ ፀሐይዋ ስትወጣ ከምሥራቅ የምትርቅበት ማዕዘን ሳይን ነው፤ ከዚያ የሚገኘው እውነተኛ አቅጣጫ ኮምፓሱ ካሳየው ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ ስህተቱ ነው። ፌሮ ብረት የጫነች መርከብ ላይ ከጭነቱ በፊት የተዘጋጀ የዴቪዬሽን ካርድ (የመርከቧ ብረት በኮምፓሱ ላይ የሚያመጣው ስህተት ሠንጠረዥ) አይታመንምና ከየብስ ርቃ ስትጓዝ ይህን ልኬት የሚተካው የለም።

«ጊዜ ይፈጃል» የሚለው ሰበብም ዛሬ አይሠራም። ቦታውንና ሰዓቱን ጂፒኤሱ ይሰጣል፣ ስሌቱን ኮምፒውተሩ ይሠራል፤ ለመኮንኑ የሚቀረው ወጥቶ ፀሐይዋን ማነጣጠር ነው። ዓለም አቀፉ የባሕረኞች ደንብ ስህተቱ በእያንዳንዱ የጥበቃ ፈረቃ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲረጋገጥ ይላል። የትናንቱን ቁጥር መዝገብ ላይ ገልብጦ መፈረም ማጭበርበር ነው፤ ሌላ ስም ሊሰጠው አይገባም። የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ እንኳ ትቶት የነበረውን የሰማይ ናቪጌሽን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2015 መልሶ ጀምሯል።

የባቦጋያ የማሪታይም አካዳሚ ለመርከብ ኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንኖችን ያሠለጥናል። የነዚህ ወጣቶች ሥራ ጋይሮ ኮምፓሱን ጠግኖ በማስረከብ ማብቃት የለበትም፤ ከመርከብ መሪው መኮንን ጋር ፀሐይ ስትወጣ ቆመው ልኬቱን አብረው ይውሰዱ፣ በመዝገቡም ላይ አብረው ይፈርሙ።