ልጁን ከመውቀስ አጥሩን መጠገን

አንድ ቁጥር ይዘን እንጀምር፤ 68። የቺካጎው ‹ቤርስ› ቡድን ወጣት ኳርተርባክ ኬለብ ዊሊያምስ በ2024 የውድድር ዘመን፣ በ17 ጨዋታ ውስጥ፣ ኳሷን እንደያዘ መሬት ላይ የተዘረረበት ጊዜ ብዛት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በየጨዋታው አራት ጊዜ ማለት ነው። ልጁ ውድድሩን ሲጀምር 22 ዓመቱ ነበር።

እግር ኳስ ሲባል አርሴናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ብቻ የሚታያችሁ ጓደኞቻችን አንድ አፍታ ታገሱን። በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ ማለት ኳሷ የት እንደምትሄድ የሚወስነው ሰው ነው። ይወረውራታል፣ ለሯጭ ያቀብላታል፣ ካልሆነም ራሱ ይዟት ይሮጣል። ችግሩ ይህን ሁሉ አይቶና አስቦ የሚጨርስበት ጊዜ ሦስት ሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። በዚያች ሦስት ሰከንድ ውስጥ እያንዳንዳቸው ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ አራት አምስት ሰዎች ሊጥሉት እየሮጡ ይመጣሉ። አሳዳጆች እንበላቸው። ሳይወረውር ከደረሱበትና ከጣሉት ‹ሳክ› ተባለ።

አሳዳጆቹን የሚያግዱት አምስት ግዙፍ ሰዎች ናቸው። መሃል ላይ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብለው ሴንተር፣ ከግራና ከቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከዳርና ከዳር ደግሞ ሁለት ታክሎች። እኛ አጥር እንላቸዋለን። አጥሩ ከቆመ ኳርተርባኩ ጀግና ነው። አጥሩ ከፈረሰም የሚወቀሰው ያው ኳርተርባኩ ነው። የዛሬው ነገራችንም ይኸው ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር ‹ቁጥር አይዋሽም› ሲባል ብዙ ሰምተናል። እስቲ የፉትቦልን መዝገብ ተመልከቱ። ሳክ ሲመዘገብ በኳርተርባኩ ስም ‹ተጣለ› ተብሎ ይጻፋል። ለጣለው አሳዳጅም ይቆጠርለታል። መንገዱን የለቀቀው ጋርድ ግን በይፋዊው መዝገብ ውስጥ ስሙ የለም። እሁድ ጨዋታውን ያላየ ሰው ሰኞ ጠዋት ቁጥሩን ሲያነብ የሚያገኘው አንድ ተጠያቂ ብቻ ነው፤ ልጁን። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ከዚያ እኛ ጸሐፊዎቹ እንመጣና በዚያ ግማሽ ላይ ‹ልጁ ተስፋ የተጣለበትን ያህል አይደለም› የሚል ሙሉ ገጽ እንጽፍበታለን።

ቺካጎ ውስጥ የሆነውም ይህ ነበር። ዊሊያምስ በ2024 ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች ከኮሌጅ የወጡ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ቀን፣ ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠ ልጅ ነው። ቡድኑ በ4 ድልና በ2 ሽንፈት ጀመረ፤ ቀጥሎ 10 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። ኖቬምበር 10 ቀን በገዛ ሜዳው ከኒው ኢንግላንድ ጋር ሲጫወት ዊሊያምስ 9 ጊዜ ተጥሎ ቡድኑ 19 ለ 3 ተሸነፈ። በሁለተኛው ቀን የማጥቃቱ አሰልጣኝ ሼን ዋልድሮን ተባረረ። በምስጋና ቀን ዲትሮይት ላይ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ልጁ እንደገና ተጣለ። ቡድኑ ሰዓት የማስቆም መብት በእጁ እያለ ሰዓቱ አለቀ፤ 23 ለ 20 ተሸነፉ። በማግስቱ ዋናው አሰልጣኝ ማት ኤበርፍለስ ተሸኘ። ቤርስ በረጅም ታሪኩ ዋና አሰልጣኝን በውድድር መሃል ሲያባርር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ታዲያ ልጁ ንጹሕ ነው? አይደለም፤ ለልጁ ጥብቅና ቆመናል ብለን እውነቱን አንደብቅም። ዊሊያምስ ኳሷን ሲይዝ አይለቅም። ኮሌጅ እያለ ወደ ግራ ሸሽቶ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ከሦስት ሰው አምልጦ ወርውሯል። እዚህ ላይ ግን የሚያሳድዱት ሰዎች የእሱን ያህል ፈጣኖች ናቸው። ከ68ቱ መካከል ቀላል የማይባሉት ቶሎ ወርውሮ ሊያመልጣቸው የሚችላቸው ነበሩ። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አንድ ወጣት ቶሎ መወሰንን የሚማረው መቼ ነው? ቆሞ የማየት ዕድል ሲያገኝ ነው ወይስ ገና ኳሷን ሳይጨብጥ ደረቱ ላይ ሰው ሲወድቅበት? በየሳምንቱ እየተደበደበ ማንበብ የተማረ ተማሪ አላየንም። የሚማረው መደንገጥን ነው።

ማስረጃ ካላችሁን ሁለት ሰዎች እንጥራ።

የመጀመሪያው ዴቪድ ካር ነው። በ2002 የሂውስተን ‹ቴክሳንስ› አዲስ ተመሥርቶ ውድድር ሲገባ በድራፍቱ አንደኛ ሆኖ የተመረጠው እሱ ነበር። ቡድኑ ልጁን የሚጠብቅለት ብሎ ቶኒ ቦሴሊ የተባለ ታላቅ ታክል አስመጥቶ ነበር። ቦሴሊ ግን በትከሻ ጉዳት ምክንያት ለሂውስተን አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ጡረታ ወጣ። ካር በዚያ የመጀመሪያ ዓመቱ 76 ጊዜ ተጣለ። በአንድ የውድድር ዘመን የዚህን ያህል የተጣለ ሰው ከዚያ ወዲህም አልመጣም። በሂውስተን በቆየባቸው አምስት ዓመታት ድምሩ 249 ደረሰ። ከዚያ ቡድኑ አሰናበተው፤ ቀሪ ዘመኑንም በአብዛኛው በተጠባባቂነት ጨረሰ። ካር ጎበዝ ነበር ወይስ አልነበረም? ዛሬ ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም። ትልቁ ኪሳራም ይኸው ነው፤ ልጁ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር የሚታወቅበት ዕድል ተቃጠለ።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ያመናል። አንድሩ ላክ በ2012 ኢንዲያናፖሊስ አንደኛ አድርጎ የመረጠው ኳርተርባክ ነው። ችሎታው አላከራከረም። ግን ዓመት በዓመት ሲደበደብ ኖረ። በ2015 ኩላሊቱ ተቀደደ። ትከሻው ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና አደረገና የ2017ን ውድድር በሙሉ ሳይጫወት አለፈ። ቡድኑ በ2018 ድራፍት ነቃ። በስድስተኛው ምርጫ ክዌንተን ኔልሰን የተባለውን ጋርድ ወሰደ፤ በሁለተኛው ዙርም ብሬደን ስሚዝን ጨመረ። ውጤቱስ? በዚያው ዓመት ላክ የተጣለው 18 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ቡድኑም 10 ጨዋታ አሸንፎ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ።

መፍትሔው ይህን ያህል ቅርብ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። በኦገስት 24 ቀን 2019 ላክ በ29 ዓመቱ ጨዋታ ማቆሙን ተናገረ፤ ከጉዳት ወደ ማገገም፣ ከማገገም ወደ ጉዳት መመላለሱ ሰልችቶት ነበር። ወሬው ሜዳ ውስጥ ሲሰማ የገዛ ደጋፊዎቹ እየጮኹ አዋረዱት። ስንት ዓመት ሙሉ አጥር ላላጠረለት ቡድን ማን ጮኸበት?

አሁን ወደ ቺካጎ እንመለስ፤ ምክንያቱም እዚያ ያሉት ሰዎች ጅቡ ሳይሄድ ነቁ። በጃንዋሪ 2025 የዲትሮይትን ማጥቃት ይመራ የነበረውን ቤን ጆንሰንን ዋና አሰልጣኝ አድርገው ቀጠሩ። በማርች ደግሞ ገበያ ወጡ። ከካንሳስ ሲቲ ጆ ቱኒ የተባለውን፣ አራት የሱፐር ቦውል ቀለበት ያለውን ጋርድ በአንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ለወጡ። ከሎስ አንጀለስ ራምስ ጆና ጃክሰንን በአንድ የስድስተኛ ዙር ምርጫ አመጡ፤ እሱ ደግሞ ከጆንሰን ጋር ዲትሮይት የሠራ ሰው ነው። ከአትላንታ ድሩ ዳልማን የተባለውን ሴንተር ለሦስት ዓመት በ42 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙ።

ልብ በሉ፤ ሦስቱም የመሃል ሰዎች ናቸው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። አሳዳጅ ከዳር ሲመጣ ኳርተርባኩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገብቶ ሊያሳልፈው ይችላል። በመሃል ሲመጣ ግን የሚገባበት ቦታ የለም፤ የሚያየውም ነገር የለም። ሌላም አለ። አሳዳጆቹ ሁልጊዜ ቀጥ ብለው አይመጡም፤ ሁለቱ መንገድ ይቀያየራሉ። ያኔ አጣሪዎቹ በቅጽበት ‹የእኔን ተቀበል፣ ያንተን ልቀበል› መባባል አለባቸው። አንዱ ለአፍታ ከዘገየ አራቱ በትክክል ቢሠሩም ልጁ መሬት ላይ ነው። ይህን የሚያስተባብረው በአብዛኛው ሴንተሩ ስለሆነ ልምድ ያለው ሴንተር መግዛት ማለት አንድ ሰው መግዛት ብቻ አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እንደዚህ ቃል በቃል የሚሠራበት ስፖርት አናውቅም።

ሥራው ግን በግዢ አላለቀም። ጆንሰን ጨዋታውንም ቀየረ። ልጁ ብዙ ጊዜ ከሴንተሩ ኋላ ተጠግቶ ኳሷን ይቀበልና ለሯጩ የሰጠ መስሎ ይመለሳል። አሳዳጆቹ ‹ሮጠ› ብለው ለአፍታ ሲያመነቱ ያቺ አፍታ ለልጁ ትተርፋለች። ሩጫው የምር ጠንካራ ካልሆነ ማንም በማስመሰል አይታለልምና ቡድኑ በ2025 በሩጫም ጠንካራ ሆነ። በግራ ታክል ቦታ ላይ እንኳ ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲቀያየር ነበር፤ የመሃሉ ጽናት ግን ጉድለቱን ቻለው።

አሁን ሁለተኛውን ቁጥር እንንገራችሁ፤ 24። ዊሊያምስ በ2025 የተጣለው 24 ጊዜ ነው። ያው ልጅ፣ ያው እግር፣ ያው ክንድ። 3,942 ያርድ ወርውሮ የክለቡን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ አምስት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ የነበረው ቡድን 11 አሸንፎ ምድቡን መራ። በጥሎ ማለፉም ከእረፍት በፊት 21 ለ 3 ሲመራው የነበረውን ባላንጣውን ግሪን ቤይን 31 ለ 27 ረታ። ቀጥሎ በራምስ በጭማሪ ሰዓት 20 ለ 17 ወደቀ። ፍጹም ሆነ አላልንም፤ ካወረወራቸው ኳሶች ዒላማቸውን ያገኙት ከመቶ 60 እንኳ አልሞሉም። ግን አሁን ስለ ልጁ ጉድለት ስንጽፍ የምንጽፈው በእርግጥ ስለ ልጁ ነው።

የሚከራከሩን እንዳሉ እናውቃለን። ‹ሲንሲናቲስ?› ይሉናል። በ2021 የሲንሲናቲ ቡድን ለወጣቱ ጆ በሮው አጥር የሚሆነውን ፔኔይ ሱዌልን ትቶ ኳስ ተቀባዩን ጃማር ቼዝን መረጠ። በሮው ያን ዓመት በመደበኛው ውድድር 51 ጊዜ፣ ጥሎ ማለፉ ሲጨመር 70 ጊዜ ተጥሎም ሱፐር ቦውል ደረሰ። እውነት ነው። የፍጻሜውን የመጨረሻ ዕድል ግን አስታውሱ። ቼዝ ጠባቂው ወድቆለት ብቻውን ወደ ፊት እየሮጠ ነበር። በሮው ግን አሮን ዶናልድ ላዩ ላይ ስለነበር ኳሷን እንደምንም ጣላት፤ 23 ለ 20 ተሸነፉ። ምርጡ ተቀባይ ነፃ ሆኖ ሳለ የሚያየው ጊዜ ከሌለ ምን ይረባል?

ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ የራሳቸው ቁስል አላቸው። የእነሱ ‹ኮማንደርስ› ለወጣቱ ጄደን ዳንኤልስ ብሎ በ2025 ላረሚ ተንስል የተባለውን ውድ ታክል አምጥቶ፣ በመጀመሪያው ዙር ድራፍትም ጆሽ ኮነርሊን ጨምሮ ነበር። ታዲያ በኖቬምበር 2 ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ ቡድኑ 38 ለ 7 እየተመራ በመጨረሻው ሩብ ዳንኤልስ አሁንም ሜዳ ላይ ነበር። ግራ ክርኑ ከመገጣጠሚያው የወለቀው ያኔ ነው። የሞተ ጨዋታ ውስጥ! ጥበቃ ማለት አምስት ግዙፍ ሰዎች መግዛት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። ‹በቃህ፣ ውጣ› የሚል አሰልጣኝም የአጥሩ አካል ነው።

እንግዲህ አቋማችን ይኸው ነው። ወጣት ኳርተርባክ የመረጠ ቡድን የመጀመሪያውን ገንዘብ ለመሃል አጥሩ ያውጣ። ጨዋታውን ልጁ በሚችለው ልክ ይቅረጽ። ያለቀ ጨዋታ ላይ ልጁን ያስቀምጥ። ይህን ሁሉ አድርጎ ካልሆነለት ያኔ ልጁን ይውቀስ፤ እኛም አብረን እንወቅሳለን።

ለእናንተ ደግሞ አንዲት የቤት ሥራ አለችን። ቀጣዩን ጨዋታ ስታዩ ኳሷን ለሦስት ሰከንድ እርሷትና አምስቱን ተመልከቱ። ኳርተርባኩ ሲወድቅ ‹ምን ሆነ?› ከማለታችሁ በፊት የትኛው በኩል እንደተከፈተ ፈልጉ። ስሙን መዝገብ ላይ አታገኙትም፤ ማየት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።