ምስጢር ቁጥሩ በማን እጅ ነው?

በአገራችን ስለ ዲጂታል ለውጥ በተወራ ቁጥር የሚቀድመው የተጠቃሚዎች ብዛት ነው። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስንት ሚሊዮን ሰው ተመዘገበ? ስንት ብር ተዘዋወረ? ለፋይዳ መታወቂያ ስንት ሰው አሻራ ሰጠ? ቁጥሩ ከፍ ሲል ኅብረተሰቡ ተለወጠ ብለን እናጨበጭባለን። ይህ ልማድ መታረም አለበት። የተመዘገበን ሰው መቁጠርና የተለወጠን ኑሮ ማወቅ ለየቅል ናቸው።

ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናትን እናስብ። ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸው ብር ስልካቸው ውስጥ ገብቷል። ለማውጣት ግን ምስጢር ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ መንገር ግድ ይሆንባቸዋል። በመዝገቡ ላይ እኚህ እናት አንድ ተጠቃሚ ናቸው። ትናንት በመቀነታቸው ቋጥረው የሚይዙትን ብር ግን ዛሬ ሌላ ሰው ቆጥሮ ይነግራቸዋል። ይህን መሐንዲሱ አያየውም፤ ሲስተሙ አልተበላሸምና። የባንክ ባለሙያውም አያየውም፤ ገንዘቡ በሰላም ደርሷልና። የሚታየው የቋንቋ፣ የሕግ፣ የሶሲዮሎጂና የኮምፒውተር ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ነው።

እድርንም እንውሰድ። መዋጮ በስልክ ሲከፈል ገንዘብ ያዡ ከድካም ያርፋል። ነገር ግን የመዋጮ ቀን ማን ታመመ፣ ማን ቀረ ተብሎ የሚጠየቅበትም ቀን ነው። ሰው ሳይገናኝ ብሩ ብቻ ሲገባ ያንን ጥያቄ ማን ይጠይቃል?

ጎረቤታችን ኬንያ ጥሩ ትምህርት ትሰጠናለች። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቷ ኤምፔሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ታቭኒት ሱሪ እና ዊልያም ጃክ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት አገልግሎቱ 194,000 ያህል ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣ ገመቱ። ትልቅ ግኝት ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ሲቤል ኩሲምባ ደግሞ በምዕራብ ኬንያ ገንዘቡ ከዘመድ ወደ ዘመድ እንዴት እንደሚሄድ ተከታተሉ። አንዱ ጥናት ውጤቱን፣ ሌላው መንገዱን አሳየ። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው።

እኛ ጋ ግን የጥናት ዘርፎቹ የተለያዩት ገና ከዩኒቨርሲቲ በር ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የመጣው የ70/30 ቅበላ ከ100 ተማሪ 70ውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ጥናት መደበ። ይህ ክፍፍል አንዱ ለአገር የሚጠቅም፣ ሌላው ተረፈ ምርት እንደሆነ አስለመደን። ዛሬም የማኅበረሰብ አጥኚው ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ «ሕዝቡ ለምን አልተቀበለውም?» ለማለት ነው።

አገር ቸኩላለች፣ ጥናት ያዘገያል የሚሉ አሉ። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲወሰን አሠራሩ የአሽከርካሪውንና የነዳጅ ቀጂውን ውሎ ነካ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ለማን እንደሚያቀልል፣ በማን ላይ እንደሚከብድ ከመነሻው አብሮ ማጥናት ሥራውን አያስቆምም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የሚያዘገየው በኋላ የሚመጣው ለቀማ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትልቅ ዲጂታል ሥራ ከሚመደበው በጀት ለጋራ ጥናት የሚሆን ድርሻ ከመጀመሪያው ቀን ይቆረጥ። ውጤቱም ሕዝቡ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ይውጣ። በየሪፖርቱም «ስንት ሰው ተመዘገበ?» ከሚለው ሥር «ምስጢር ቁጥሩ በማን እጅ ነው?» የሚል መስመር ይጨመር።